ከድሬዳዋ እስከ ዴንቨር፤ የትናንሽ ባቡሮችና የጋራዦቻቸው ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ዩኒቨርሲቲ ሳለህ ታሪክ ታጠና ነበር፤ እስቲ አንድ ነገር ጻፍልን» ባሉኝ ጊዜ ስለ ምን እንደምጽፍ ብዙ አላሰብኩም። ትምህርቴን ሳልጨርስ ከአገር ብወጣም፣ ልጽፍበት አስቤ የቀረ አንድ ርዕስ ነበረኝ፤ እርሱም የባቡር ነገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ኮሜርስ ሲቲ አካባቢ የባቡር መሻገሪያ ላይ መቆም የዕለት እንጀራችን ነው። አንዳንዴ የሚያልፈው ከመቶ በላይ ፉርጎ የሚጎትት የትልቅ ኩባንያ ባቡር ነው። አንዳንዴ ግን ቀለሙ የለቀቀ አንድ አሮጌ ሎኮሞቲቭ አምስት ስድስት ፉርጎ ይዞ እያዘገመ ይሻገራል። ተሳፋሪዬ ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ሎኮሞቲቩን አያለሁ። ያደግሁት ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነውና። አባቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ፣ ሠራተኞቹ በፈረንሳይኛ «አትሊዬ» በሚሉት ቦታ፣ መካኒክ ነበሩ።

በአሜሪካ እንዲህ ያሉ አጫጭር መስመሮች ያሏቸው ኩባንያዎች ዛሬ ወደ 600 ይደርሳሉ። ሥራቸው ፋብሪካውን፣ የእህል ጎተራውን፣ የዕቃ ማከማቻውን ከዋናው ሃዲድ ጋር ማገናኘት ነው። ብዙዎቹ የተፈጠሩት በ1980 ስታገርስ የተባለው ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ሕጉ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማያተርፏቸውን መስመሮች በቀላሉ እንዲሸጡ ስለፈቀደ፣ ትናንሾቹ ገዝተው ሥራውን ቀጠሉ። ሎኮሞቲቮቻቸውም እንደ መስመሮቹ ከትልልቆቹ የተረፉ ናቸው። በ1950ዎቹ በኢሊኖይ ተሠርቶ የወጣው ጂፒ9 የተባለው ሎኮሞቲቭ እስከ ዛሬ በየመንደሩ ሲጎትት ይታያል። ይህን ለማስረዳት ለእኛ ለታክሲ ሰዎች ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። ፖሊስ ነድቶ የጨረሰውን ክራውን ቪክቶሪያ ገዝተን ስንት ዓመት እንጀራ በላንበት! መኪናው የኖረው ጥሩ መካኒክ ስለነበረን ነው። የሎኮሞቲቭም ነገር እንዲሁ ነው፤ የሚያውቀው እጅ እስካለ ድረስ ዕድሜው አያልቅም። ይህ ጽሑፍ ስለ ሎኮሞቲቮች ቢሆንም፣ ዋናው ጉዳዬ ስለ እነዚያ እጆች ነው።

ባቡር የቆረቆራት ከተማ

እንደሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ኩባንያ አቋቁመው ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሃዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በአብዛኛው ዓለም የተለመደው ግን 1.435 ሜትር ነው። ጠባብ ሃዲድ ወጪው ያነሰ ነው፤ በተራራ ጥግም እንደ ልብ ይታጠፋል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩን ሐረር ማስገባት ነበር። ሆኖም ሐረር ከፍ ያለ ተራራ ላይ ስላለች ወጪው የማይቻል ሆነ። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ግርጌ አለፈ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነች። የእኛን ከተማ የቆረቆራት ሎኮሞቲቭ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፤ ሥራውም ለዓመታት ቆመ። በ1908 የተቋቋመው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተረክቦ በ1917 ባቡሩን አዲስ አበባ አደረሰው። መላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬ ለገሃር የምንለው ቦታም ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴም በግንቦት 1936 ወደ ስደት የወጡት በዚሁ ባቡር ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ሎኮሞቲቮች መካከል በስዊስ አገር በዊንተርቱር ከተማ የተሠሩ ነበሩባቸው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እሳት ብቻ ሳይሆን ውሃም አብዝቶ ይፈልጋል። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ያለው አገር ደግሞ በረሃ ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሚገኘው አዲስ አበባ መውጣትም ቀላል አልነበረም። በዚህም ምክንያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ከስዊስና ከፈረንሳይ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ ለበረሃው መስመር ትልቅ እፎይታ ሆነ። ከእነዚህ መካከል አልስቶም የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ የሠራቸው ይገኛሉ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ሌላም ነበረ፤ እርሱም ሊቶሪና ነው። ሊቶሪና በፊያት ፋብሪካ የተሠራ፣ ሞተሩም ተሳፋሪውም በአንድ አካል ውስጥ ያለ፣ በሃዲድ ላይ የሚሄድ አውቶቡስ ነው ማለት ይቻላል።

አትሊዬው የሁሉ ነገር ልብ ነበር። የአንድ ሜትር ሃዲድ ሎኮሞቲቭ ዕቃ ከጎረቤት ሱቅ አይገዛም። ከአውሮፓ ታዝዞ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። አባቴና ባልደረቦቻቸው የተሰበረውን ይለካሉ፣ ይሥላሉ፣ በቶርኖ ቆርጠው ይተካሉ። ሥራውን የሚያስተምር መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ነበር። ብዙዎቹ ግን የተማሩት ከፊታቸው ከነበረው ሰው እጅ ነው። በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ሲቆረጥ በማግሥቱ ዓመት ሥራ ያስጀመሩት እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ናቸው። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሃዲድ ወጥቶ ገደል ሲገባ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። አባቴ ከጋራዡ ወደዚያ ከተላኩት መካከል ነበሩ። ስለዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም።

የዳሎል የፖታሽ ባቡር

በአገራችን ለአንድ ፋብሪካ ወይም ማዕድን ብቻ የተሠራ ሃዲድ ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም። ነገር ግን ነበረ። በዳሎል ይወጣ የነበረውን ፖታሽ ወደ መርሳ ፋጥማ ወደብ ለማድረስ ከወደቡ ተነሥቶ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር እስከሚርቅ ቦታ የተዘረጋው ሃዲድ በ1918 አለቀ። እስከዚያች ጣቢያ ድረስ ባቡር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአፋር ምድር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመንና የሌሎች አገሮች ፖታሽ ገበያውን ሲሞላው ሥራው ተዳከመ። በኋላም የእንግሊዝ አስተዳደር ሃዲዱን ነቅሎ ወሰደው። የዳሎል ባቡር የራሱ ከተማም ሆነ የራሱ ትውልድ አላፈራም። ስለዚህ ስሙን የሚያነሣለት ልጅ አልቀረውም።

የኮሎራዶ ጠባብ ሃዲድ

እዚህ ስመጣ ያስደነቀኝ ነገር የኮሎራዶም የባቡር ታሪክ ከእኛው ጋር መመሳሰሉ ነው። በ1870 ጄኔራል ዊልያም ጃክሰን ፓልመር ዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ ሃዲዱን ሦስት ጫማ ስፋት ብቻ፣ ማለትም ከእኛው በመጠኑ የጠበበ አደረገው። ምክንያቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ተራራ አለ፣ ገንዘብ ደግሞ አጭር ነው።

ጎልደን ከተማ የሚገኘውን የኮሎራዶ የባቡር ሙዚየም ያላያችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ቁጥር 491 የተባለች ሎኮሞቲቭ አለች። መጀመሪያ ለሰፊው ሃዲድ ተሠርታ የነበረች ስትሆን፣ በ1928 እዚሁ ዴንቨር፣ በርናም በተባለው ጋራዥ፣ ወደ ጠባብ ሃዲድ ተለውጣ ተሠራች። ያለውን አሮጌ ፈትቶ የሚፈለገውን መሥራት የድሬዳዋ ብቻ ጥበብ አይደለም ማለት ነው። የበርናም ጋራዥ ግን በ2016 ተዘጋ። በ2021 ቦታውን የኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ገዛው፤ በ2025 ደግሞ የብሮንኮስ ቡድን ለአዲስ ስታዲየም እንደመረጠው አስታወቀ።

በዚያው ሙዚየም «ጋሎፒንግ ጉስ» የሚባሉ፣ ትርጉሙ «ጋላቢ ዝይ» የሆነ፣ አስቂኝ ተሽከርካሪዎች ታያላችሁ። ሪዮ ግራንዴ ሳውዘርን የተባለው ትንሽ ኩባንያ በተራራው ውስጥ ከሪጅዌይ ተነሥቶ በቴሉራይድ በኩል እስከ ዱራንጎ ይሠራ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ለጥቂት ሰውና ለፖስታ ብቻ ሲባል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ማንቀሳቀስ አላዋጣ አለው። በ1931 የሪጅዌይ መካኒኮች አሮጌ የቢዊክ አውቶሞቢል ወስደው የባቡር ጎማ ገጠሙለት፤ ከኋላውም የዕቃ ሣጥን ቀጠሉበት። ከዚያ በኋላ ፒርስ-አሮው በተባሉ መኪናዎችም ሌሎች ተሠሩ። በእነርሱ ምክንያት ኩባንያው ለ20 ዓመት ያህል ተጨማሪ ዕድሜ አገኘ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ከአፌ የወጣው ቃል «ሊቶሪና!» የሚል ነበር። ልዩነቱ ሊቶሪናን ትልቅ ፋብሪካ ሲሠራው፣ ይኸኛውን ደመወዝተኛ መካኒክ ከተጣለ መኪና መሥራቱ ነው።

ከዴንቨር ወደ ሰሜን፣ በላቭላንድና በሎንግሞንት በኩል፣ የሸንኮር ቀይ ሥር ወደ ስኳር ፋብሪካ የሚያመላልስ ግሬት ዌስተርን የተባለ የባቡር ኩባንያ ነበር። ሃዲዱ ዛሬም ይሠራል፤ የሚጭነው ግን ሌላ ዕቃ ነው። በ1924 ተሠርታ ቀይ ሥር ትጎትት የነበረችው ቁጥር 90 በ1967 ወደ ፔንሲልቫንያ ተሸጠች። ዛሬም በስትራዝበርግ ጎብኚዎችን ይዛ ትሄዳለች። አንድ መቶ ዓመት አልፏት የምትሠራው በየክረምቱ ፈትተው የሚያዩዋት፣ ለወጣትም የሚያስተምሩ ሰዎች ስላሏት ነው።

የ2016 ዓ.ም. ሁለት ባቡሮች

በሚያዝያ 2016 ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን በኦሮራ በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀመረ። ለታክሲ ሥራችን ምን እንዳደረገ እናውቃለንና አላስታውሳችሁም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሁለቱም በ25,000 ቮልት ይሠራሉ። ሁለቱም በጎ ሥራዎች ናቸው፤ የአገር ዕድገት ነውና እሰየው የሚያሰኝ ነው። የእኛው አዲስ መስመር ግን ሰፊ ሃዲድ ስለሆነ በአሮጌው መስመር ላይ አልተሠራም። የአሮጌው ባቡር አገልግሎት ቀድሞ፣ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ ቆሞ ነበር። አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችና ሊቶሪናዎችም ድሬዳዋ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቆመው ቀሩ።

ሎኮሞቲቭ ቢቆም እንኳ ብረት ነውና ይጠብቃል። የማይጠብቀው ሰው ነው። አባቴ ሲያርፉ አንድ ትንሽ ደብተር ደረሰኝ። ግማሹ በፈረንሳይኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ መካከሉ በሥዕልና በቁጥር የተሞላ ነው። ፈረንሳይኛ ስለማልችል ለዓመታት ሣጥን ውስጥ አኖርሁት። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሃቫና ጎዳና ላይ ያሳፈርኳቸው አንድ አባት የድሬዳዋ ሰው ሆነው ተገኙ፤ በምድር ባቡርም ሠርተዋል። ደብተሩን ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ገጾች አነበቡልኝ። አንደኛው ገጽ የሊቶሪናን ፍሬን ስለ ማስተካከል ነበር። በሌላው ገጽ ጠርዝ ላይ «ይህን ያሳየኝ» ይልና የአንድ ሰው ስም ይከተላል። ሰውዬውን ያውቋቸው ኖሮ ትንሽ ዝም አሉ። የቀረውን በሌላ ቀን ልናነብ ተቀጣጠርን። ቀጠሮው ሳይደርስ እርሳቸውም አረፉ።

ስለዚህ በዚህ በዓል ላይ ማኅበራችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ማኅበራችን አሥር ዓመት ሙሉ በኀዘንም በደስታም ሰብስቦናል። አሁን ደግሞ በወር አንድ እሑድ፣ ከቡናው በኋላ፣ አባቶችንና እናቶችን አስቀምጠን የሠሩትን ሥራ እንጠይቃቸው፤ ድምፃቸውንም እንቅረጽ። የባቡር ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የስኳሩ፣ የቴሌው፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ በመካከላችን አለ። ለቅጂው ወጪ የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አደርጋለሁ፤ የሚመጣበት መኪና የሌለውን ሽማግሌም ያለ ሂሳብ አመጣለሁ። ፈረንሳይኛ የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ ደብተሩ መኪናዬ ውስጥ ነው፤ ገና ብዙ ገጽ ይቀረዋል።