ኑዛዜና ሕክምና፤ የአረጋውያን ፈቃድ በግራናና በታሪክ

በግራናና በአካባቢዋ ያሉ አረጋውያን ስለ መጨረሻው ሕክምና ያላቸውን አሳብ ለመረዳት ከመተንፈሻ መሣሪያ መነሣት ያለብን አይመስለንም፤ መነሻው ኑዛዜ ነው። በሐብሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራል። ክርስቲያኑ ሽማግሌ የነፍስ አባቱን አስጠርቶ፣ ንስሐ ገብቶና ቆርቦ፤ ሙስሊሙም ከሀብቱ ሲሶ በማያልፈው ላይ ቃሉን ሰጥቶ፣ ሸሃዳውን ይዞ ለመሞት ይመኛል። ሁለቱም ከሞት ይልቅ አንደበት ተይዞ መሞትን ይፈራሉ።

ለዚህ ፍርሃት የታወቁት ምስክር ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1881 ዓ.ም. ከግራና ብዙም በማይርቀው በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር ሲዋዋሉ በሙሉ ጉልበታቸው ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሕመም ጸናባቸው። የሐኪም መድኃኒትም የደብረ ሊባኖስ ጸበልም ሞከሩ፤ አንዱን ለሌላው አልተዉም። (የዚያን ዘመን ሰው «ጸበል ወይስ ሐኪም?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው።) በግንቦት 1901 ዓ.ም. አንደበታቸው ሳይያዝ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው በአዋጅ ተናዘዙ፤ ቃላቸውን የሚያፈርሰውንም ረገሙ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ሕመሙ ዳግመኛ በርትቶ አንደበታቸውን ያዘው፤ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ቆዩ። በዚያ ጊዜ ጀርመናዊው ሐኪም ሽታይንኩለር ንጉሡ ተመርዘዋል በማለቱ ጠብ ተነሣ፤ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱም ተሻኮቱ። ሁሉም በንጉሡ ስም ይናገር ነበር፤ ንጉሡ ግን አይናገሩም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ለማለት እንደሚችል ደነገገ። ይህ መብት ለሚናገር በሽተኛ ጋሻ ነው። ራሱን ስቶ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ለሚወሰድ ሽማግሌ ግን ምን ይረባዋል? ልጆቹ «አባቱን ሳያሳክም ቀበረ» መባልን ስለሚፈሩ በሬ ሽጠውም ቢሆን ሕክምናው እንዲቀጥል ይለምናሉ። አባትየው በቤቱ፣ በዘመዶቹ መካከል መሞትን መርጦ ይሆናል፤ ነገር ግን በጊዜው የጠየቀው የለም።

ይኸው ሕግ ሞት የቀረበው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል እንዲናዘዝ ፈቅዶለታል። በዚህ ኑዛዜ ሊነገሩ የሚችሉትንም ወስኗል፤ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ ስለ ሕፃናት ልጆቹ ሞግዚት። ስለ ሕክምና የተጻፈ የለበትም።