«ወተት በጉንጬ»፦ ከኬሚስቱ በፊት ስም የወጣለት ማሽላ
ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፣ ወደ ማጀቴና ወደ ወሎ ቆላ ስትሄዱ ክረምቱ ሲያልፍ አገሩ ሁሉ ማሽላ ነው። የዚያ አካባቢ ልጆች ከሆናችሁ ጥንቅሽ መጥጣችኋል፤ እሸቱንም እሳት ላይ ጠብሳችሁ በእጃችሁ እያሻችሁ በልታችኋል። ይህ እሸት አንድ ጊዜ የሳይንስ ትልቅ ዜና እንደነበር ግን ታውቃላችሁ?

ወሎ ውስጥ ገበሬዎች ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅለው የሚዘሯቸው ጥቂት ዝርያዎች አሉ። አንዱን «ወተት በጉንጬ» ይሉታል። የሌላው ስም ደግሞ ከማር የመጣ ነው፦ «ማርጩቄ»። ፍሬያቸው ሲደርቅ ጭምድድ ይላል፤ ለዓይን አይስብም። እሸታቸው ሲጠበስ ግን ስም አውጪው እንዳልዋሸ ይታወቃል።

አሁን ከማሳው ወጥተን ወደ ወተት እንሂድ፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤድሙንድ ድሬክሰል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ኬዚን የሚባለውን የወተት ፕሮቲን በአሲድ አፍልቶ ሰባበረውና ከውስጡ አንድ አዲስ ነገር ለየ። ይህ ላይሲን ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባው ከ20 አሚኖ አሲዶች ሲሆን ዘጠኙን የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት፤ ላይሲን አንዱ ነው። በወተት፣ በሥጋ፣ በባቄላና በሽምብራ በደንብ አለ። በማሽላ ግን በጣም ትንሽ ነው። እንጀራው በሽሮ ሲበላ ጉድለቱ ይሞላል፤ የማሽላ ገንፎ ብቻ እየበላ ለሚያድግ ሕፃን ግን ነገሩ ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ራምሽዋር ሲንግ እና ጆን አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ናሙና መረመሩ። ታዲያ በዱቄት ውስጥ ያለ ላይሲን እንዴት ይለካል? ዱቄቱ በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለረጅም ሰዓት ይሞቃል፤ ፕሮቲኑ ወደ አሚኖ አሲዶች ይበታተናል። ከዚያ ፈሳሹ ልዩ ሙጫ በተሞላ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ በየራሱ ሰዓት ይወጣል፤ ኒንሃይድሪን የሚባል ኬሚካል ሲነካውም አብዛኛው ሐምራዊ ይሆናል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር መጠኑ ብዙ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉ ናሙና ሁለቱ ጎልተው ወጡ፦ አይኤስ 11167 እና አይኤስ 11758። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። በተለመደው ማሽላ 100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ገደማ ላይሲን ሲኖር፣ በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ተገኘ። ይህን ማሽላ የተመገቡ የቤተ ሙከራ አይጦችም ከሌሎቹ በጣም የተሻለ አደጉ። በዚያው ዓመት ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቀው ገቢሳ እጄታ አክስቴልን ተዋወቀና በኢትዮጵያ የማሽላ ዘር በመሰብሰቡ ሥራ ተሳተፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ላይሲን ወተት ወተት አይልም። ገበሬው በምላሱ የያዘው ጣዕሙን ነው፤ ኬሚስቱ በቱቦው የለካው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ጭምድድ ፍሬ ውስጥ ነው። ቢሆንም እኔ ስም አውጪውን አደንቃለሁ፤ መሣሪያው ሳይፈጠር ዘሩን ለይቶ ያቆየው እሱ ነውና።

«እንዲህ ከሆነ ለምን ማሳው ሁሉ በእሱ አልተሸፈነም?» ትሉ ይሆናል። ፍሬው ስታርቹ ስለሚያንስ ክብደት የለውም፤ ምርቱም ያንሳል። ልስልስ ስለሆነ ነቀዝ ቶሎ ይደፍረዋል። ላይሲኑን ብቻ የሚፈልግ ፋብሪካ ደግሞ ዛሬ ማሽላ አያስፈልገውም፤ በትልልቅ ጋን ውስጥ ባክቴሪያ ያመርትለታል። ስለዚህ ገበሬው የሚዘራው ጥቂቱን ነው፤ እሸት እስኪደርስ በሌላው ማሽላ መሃል ይቆማል። ማጀቴ፣ አጣዬ ወይም ከሚሴ ዘመድ ካላችሁ፣ አያታችሁ የሚያውቋቸውን የማሽላ ስሞች ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የትኛው ለእሸት፣ የትኛው ለእንጀራ፣ የትኛው ለጠላ እንደሚሆንም አትርሱ።