እንፍራንዝ፣ ሐተታውና የባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች

ከጣና በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በጎንደርና ባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለችው እንፍራንዝ በጉዛራ ግንብ ትታወቃለች። ለትምህርት ታሪክ ግን ከግንቡ የሚበልጥ ሀብት አላት። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» እንደሚተርከው፣ የአክሱሙ ሊቅ ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻ ስደቱ ወጥቶ የኖረው እዚህ፣ በባለጸጋው ሀብቱ ቤት ዳዊት እየጻፈ፣ የሀብቱንም ልጆች እያስተማረ ነው። መጽሐፉ የእርሱ ነው ወይስ የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ? ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ያነሣው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፤ ክላውድ ሰምነር ለዘርዓ ያዕቆብ አጥብቆ ተሟግቷል።

የሐተታው መንገድ ፈጣሪ የሠራውን ሰው ከደነገገው መለየት ነው። የጾም ሕግ እንኳ ከዚህ ምርመራ አላመለጠም።

ከዓመት ዓመት የሚለዋወጡ አጽዋማት ቀን የሚወጣው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ ነው። የ2018 ዓ.ም.ን እንይ። 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንዱ ሲነሣለት ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። ድምራቸው 30። መስከረም 18 እሑድ ስለሚውል የእሑድ ተውሳክ 7 በመጥቅዑ ላይ ይጨመራል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ይሆናል።

የአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙር ይህን ስሌት በቃሉ ይይዘዋል። የቃል ጥናት የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ወረቀት የዓመቱን በዓላት ማውጣት ትልቅ ችሎታ ነው። ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት እውነት ተቀላቅሏል። 11 ከሰማይ የመጣ ነው፦ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ 354 ቀን ነውና። ከ5500 መነሣት የሰው ስምምነት ነው። የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር 30 መሆኑ ግን ከሰማይም ከጉባኤም አልመጣም። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ፣ አንዱን ወንበር በሁለቱ አባዝቶ መደመር በ30 ማባዛት ነው። ይህን ማንም ሊሽረው አይችልም።

ቁጥር ይገኛል ወይስ ይሠራል የሚለው የፈላስፎች ሙግት ከአፍላጦን ዘመን ጀምሮ የሚያከራክረው በዚሁ በሦስተኛው ዓይነት እውነት ነው። ሦስቱን ሳይለይ የሚያስተምር መምህር ግን፣ በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ በጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ተማሪው ሁሉንም እንደ ትእዛዝ እንዲቀበል ያደርገዋል። የእንፍራንዝ ልጅ ወንበሩን ከ1 እስከ 18 እየለወጠ ድምሩን ራሱ ይሞክር፤ ለምን 30 ላይ እንደሚያርፍም ለጓደኛው ያስረዳ።