ውስጠ ድርድርና ዝርግ ድርድር፦ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

ለሙያ ቃል አቻ ሲፈለግ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ የታሰበው ቃል በቋንቋው ውስጥ ሌላ ሥራ ይዞ እንደ ሆነ ነው። በድረ ገጽ ፕሮግራም አጻጻፍ «አሬይ» የሚባለውን በተርታ የተቀመጠ መረጃ «ድርድር» እንለዋለን። ቃሉ «ደረደረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ስለ ዋጋ ወይም ስለ ሰላም ከሚደረገው ድርድር በዐውዱ ይለያል። አንዱ ድርድር ሌላውን በውስጡ ሲይዝ፣ በ«ውስጠ ወይራ» አምሳል «ውስጠ ድርድር» ቢባል ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

የነገሩን ጠባይ ለመረዳት የጉለሌን የቤት አድራሻ መመልከት ይበቃል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአዲስ አበባ ቤቶች በከፍተኛና በቀበሌ ተመደቡ። በ1995 ዓ.ም. ክፍላተ ከተማ ሲቋቋሙ ከፍተኛ ቀረ፤ ኋላም ወረዳ የቀበሌን ቦታ ያዘ። የቤት ቁጥር ይሰጥ የነበረው በየቀበሌው ስለ ሆነ፣ አንዱ ቁጥር በብዙ ቀበሌ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ቤት ፈላጊው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ደረጃ በደረጃ መግባት ነበረበት። የጃቫስክሪፕትም ሥርዐት ይኸው ነው፤ ነገር ግን ቆጠራውን ከ0 ስለሚጀምር «ጉለሌ[4][119]» ሲጻፍ በአምስተኛው ወረዳ ውስጥ በተርታው 120ኛ የሆነው ቤት ማለት ነው።

ደረጃዎቹን አንሥቶ ሁሉን በአንድ ተርታ ማስቀመጥ በእንግሊዝኛ «ፍላተን» ይባላል። ለጃቫስክሪፕት መደበኛ ትእዛዝ በመጀመሪያ የታሰበውም ስም ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 በሙከራ ላይ ሳለ፣ «ሙቱልስ» የተባለ የቆየ የፕሮግራም ስብስብ ስሙን ቀድሞ ይዞት ስለ ተገኘ የነባር ድረ ገጽ ሥራ ታወከ። በቀልድ «ስሙሽ» የሚል ስም ቢቀርብም ክርክር አስነሣ። በመጨረሻ «ፍላት» የሚለው ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ደንብ ገባ።

በአማርኛም ያጋጠመን ከዚህ የራቀ አይደለም። «መዘርጋት» እንዳንል ቃሉ በመስመርና በመረብ ዝርጋታ ተይዟል። ስለዚህ ከ«ዝርግ ሳሕን» ወስደን ውጤቱን «ዝርግ ድርድር»፣ ድርጊቱንም «ዝርግ ማድረግ» ማለትን እንመርጣለን።

ቃሉን የሚጠቀምበት ሰው ግን ድርጊቱ የሚያስከትለውን ሊያስተውል ይገባል። «ፍላት» ልኩ ካልተነገረው አንድ ደረጃ ብቻ ያነሣል፤ ከተነሣው ደረጃ ጋርም አድራሻው ይጠፋል። በቆዩ የቤት ሰነዶች ላይ የቀድሞው ከፍተኛና ቀበሌ ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡ ዝርግ ሲደረግ ቁጥሩ ብቻ ቢቀር፣ ሰነዱን የያዘው ሰው ቤቱን ከሌላው በምን ለይቶ ያስረዳል? እንግዲህ ደረጃው ከመነሣቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት የክፍለ ከተማውንና የቀበሌውን ስም ከራሱ ጋር ይያዝ እንላለን።