የአያቴ ገንቦ እና ሰባት ሜትር የሚያየው ማሽን

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡ። ፖለቲካ የለበትም። ማለቴ፣ ብዙ የለበትም።

ባለፈው ሐሙስ ሬገን ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ታናሽ ወንድሜ ከወሎ ደወለ። «ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ሺህ ዶላር በቶሎ ፈልግልኝ» አለ። ሰው ታሞ መስሎኝ ደነገጥኩ። አልታመመም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው ሰባት ሜትር ከመሬት በታች የሚያይ ማሽን ይሸጣል አሉ። ወንድሜና የአክስቴ ልጆች የአያታችንን ገንቦ ሊያወጡ ነው። ከዘመድ ገንዘብ ማሰባሰብም ጀምረዋል፤ አንዱ በሬውን ሸጧል።

የገንቦው ነገር በቤታችን የቆየ ነው። አያቴ በቅሎ ነጋዴ ነበሩ። ጣሊያን ሲመጣ አንድ ገንቦ ሙሉ ጠገራ ብር ከጓሮ ወይራ ሥር ቀበሩ ይባላል። ልጅ ሆነን ወይራው ሥር ስንጫወት ስንቴ በእንጨት ጭረናል! ይህ ወሬ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እዚህ ከሸገርም፣ ከጎጃምም፣ ከትግራይም የመጡ ባለታክሲዎች ስናወጋ ሁሉም የተቀበረ ብር አለው። ታዲያ ምክንያቱ ተረት ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ብሩ ግን ከዚያም በኋላ፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ 1780 እንደተጻፈበት ይመታል። ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ ነው፣ ወርዱ አራት ሴንቲሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ወደኛ አገር በቀይ ባሕር በኩል ገባ። የኛ ሰው ደግሞ እንደዋዛ አይቀበልም፤ በደረቷ ላይ ያለው ጌጥ ነጠብጣቡ ሙሉ ነው ወይ፣ ዙሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ አልተፋቀም ወይ ብሎ አገላብጦ ያያል። የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ለሽርፍራፊ አሞሌ ጨው ነበር፣ ጥይትም ነበር። ዋናው ገንዘብ ግን እሷው ናት። ገንዘባችንን ዛሬም «ብር» የምንለው ከብረቱ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናስበዋለን?

ለኛ ለወሎዎች ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲመጣ፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ይዞ ቢመጣ ማንም ገለባ እንኳ እንደማይሸጥለት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቪየና ላይ በብዛት ጠገራ ብር አስመትቶ ተሸክሞ መጣ። ለበቅሎ፣ ለሣር፣ ለዱቄት የከፈለው በዚያ ነው። ያ ሁሉ ብር ከዙላ እስከ መቅደላ በየመንደሩ ቀረ። የአያቴ አባትም በቅሎ ነጋዴ ነበሩ፤ እንግዲህ ድምሩን እናንተ ሥሩት።

አፄ ምኒልክ የራሳቸውን መልክና አንበሳ ያለበት ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ አስመቱ። ሕዝቡ ግን ሴትዮዋን አልለቅም አለ። የአቢሲኒያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ለገበሬው ግን ባንክ ማለት አዲስ አበባ ያለ ቤት ነው። የገበሬ ባንክ ጓሮው ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። እዚህ ላይ ነገሩ የሚገርም ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወርር በሊሬ እንደማይገዛት ስለገባው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የጠገራ ብሩን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። እንግሊዞችም «ለእኛስ ማን ከለከለን» ብለው በዓመቱ ለንደን ላይ መቱ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ። ገጠሩ ሁሉ ያለውን መቅበር የያዘው ያኔ ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ደግሞ «ብራችሁን አምጡና በወረቀት ሊሬ ለውጡ» አለ። ማን ይሰጠዋል? ያልቀበረውም ያን ጊዜ ቀበረ።

ነፃነት ሲመለስ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣና ጠገራ ብር ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀረ። የቀበረ ሰው እንግዲህ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ አውጥቶ መለወጥ ወይም አውጥቶ ለአንጥረኛ መስጠት። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ወንድሜን «አልልክም» ከማለቴ በፊት ነገሩን ማወቅ ነበረብኝ። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የሚኖር ጓደኛዬ፣ ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለርስቶችን እያስፈቀደ በማሽን የድሮ ሳንቲም ይፈልጋል። (እናንተ ግን ዋሽንግተን መናፈሻ ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ አብዛኛው የብሔራዊ ፓርኮች መሬት ነው፣ ክልክል ነው።) ሽማግሌው ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አስተማረኝ።

ማሽኑ መሬት አያይም። ከታች ያለው ሳህን መሰል ነገር ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ፤ መግነጢሳዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል። ብረት ካገኘ በብረቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፣ ያ ደግሞ የራሱን መልስ ይልካል። ማሽኑ የሚሰማው ያንን መልስ ነው። መልሱ ሲመለስ ደግሞ በጣም ይደክማል። ለትንሽ ዕቃ፣ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን መልሱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ 64 እጥፍ ገደማ ነው። ሰባት ሜትር ላይ ያለ ሳንቲም የሚሰማ ማሽን የሌለው ለዚህ ነው፤ ነጋዴው ስለሸሸገው አይደለም።

ራሴም ሞከርኩት። ቪየና አሁንም የምትመታትን አንዲት ጠገራ ብር ገዛሁ፣ የጓደኛዬ ጓሮ ውስጥ ቀበርኳት። 20 ሴንቲሜትር ላይ ማሽኑ ጥርት አድርጎ ጮኸ። 30 ላይ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። 40 ላይ ጸጥ። ከዚያ የሚስቴን አሮጌ ድስት 60 ላይ ቀበርን፤ ጮኸ። (ድስቱን እስካሁን አልመለስኩም።) ብቻዋን ያለች ብርና ገንቦ ሙሉ ብር አንድ አይደሉም ማለት ነው። አንድ ሺህ ጠገራ ብር 28 ኪሎ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ከምትመዘነው የ23 ኪሎ ሻንጣ ይበልጣል። ያን የሚያህል ነገር ከአንዲት ሳንቲም ጠለቅ ብሎም ይሰማል። ደግሞም አስቡት፦ በጦርነት ሌሊት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ በዶማ የሚቆፍር ሰው ሰባት ሜትር ይቆፍራል? ጉልበቱ ድረስ ቆፍሮ አፈር ይመልስበታል እንጂ።

እና ለብር ምን ዓይነት ይሻላል ላላችሁኝ፦ ብር ኤሌክትሪክን ከሁሉም ብረት በላይ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ዝቅ ያለ ፍሪኩዌንሲ ይስማማዋል፤ ከፍ ያለው ለደቃቅ ወርቅ ነው። «የወርቅ ማሽን» ተብሎ በውድ የሚሸጠው ሁሉ ለጠገራ ብር ይሻላል ማለት አይደለም። አሁን ብዙ ፍሪኩዌንሲ ባንድ ጊዜ የሚልኩ አሉ፣ የአውስትራሊያው ማይንላብ ኢኩዊኖክስ፣ የቱርኩ ኖክታ ሌጀንድ፤ እነዚህ ከሦስት ሺህ ዶላር በጣም ባነሰ ይገኛሉ። ሳህኑ ሰፋ ይበል። ለገንቦ ከሆነ፣ ፊትና ኋላ ሁለት ሳጥን ያለው ትንንሽ ብረት የማይሰማ ዓይነትም አለ። ከሁሉም በላይ ግን ከአፈሩ ጋር የሚስተካከል መሆን አለበት፤ የኛ ደጋ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው፣ ራሱ ብረት አለበት፣ ያልተስተካከለ ማሽን በየእርምጃው ያብዳል።

ማበድ ካነሣን፣ በየቀኑ ተሳፋሪ የማወርድበት የብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ያለበት ቦታ ድሮ ባቡር ጣቢያ ነበር። ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1881 የተተኮሰባቸው እዚያ ነው። ጥይቷ ከሰውነታቸው አልወጣችም። ስልክን የሠራው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ይዞ ዋይት ሐውስ ገባ። መሣሪያው ጮኸ፣ ግን ቦታው አልለይ አለ። አልጋው ውስጥ የብረት ሽቦ ነበረበት፤ ሐኪሙም ጥይቷ አለችበት ብሎ ያመነበትን ቀኝ ጎን ብቻ አስፈተሸ፣ ጥይቷ በግራ ነበረች። ፕሬዚዳንቱ ሞቱ። ለወንድሜ ይህንን ስነግረው «ምን አገናኘው?» አለኝ። የሚያገናኘውማ ጓሯችን ነው። የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሚስማር፣ የተሰበረ ማረሻ የሞላበት ነው። የጥይት ቀለህ ደግሞ በማሽኑ ጆሮ ለብር በጣም ይቀርባል።

ስለዚያ «ሰባት ሜትር» ማሽን ቪዲዮ ላክልኝ አልኩት፣ ላከ። በእጅ የሚያዝ እጀታ ላይ የምትወዛወዝ አንቴና ናት። ባትሪ እንኳ የላትም። ይህችን ዓይነት አውቃታለሁ። አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ የጎልፍ ኳስ ፈላጊ ተብሎ በሃያ ዶላር ከሚሸጥ መጫወቻ የተቀዳ አንቴና «ቦምብ ያገኛል» ብሎ ለኢራቅ በብዙ ሺህ ዶላር ሸጠ። ወታደሮች ባግዳድ ኬላ ላይ ይዘዋት ቆሙ፤ ቦምብ የጫነ መኪና እያለፋቸው ስንት ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ አሥር ዓመት ተፈረደበት። አንቴናዋ የምትወዛወዘው በያዣት ሰው እጅ ነው። ይህን ስነግረው ወንድሜ ስልኩን ዘጋብኝ። «አንተ እዚያ ሆነህ ቀናህብን» የሚል መልእክትም ላከ። አመመኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ ደሴ ላለችው ለእትዬ፣ ለአባቴ ታላቅ እህት ደወልኩ። ዘጠና ሊሞላት ነው፣ ጆሮዋ ከኔ ይሻላል። ስለ ገንቦው ስጠይቃት ሳቀች። «ልጄ፣ በሠርጌ ቀን እግሬ ላይ የነበረው አልቦ ከየት የመጣ ይመስልሃል? የናትህስ የአንገት መስቀል?» አለችኝ። አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ አያቴ አብዛኛውን አውጥተው ግማሹን ለወጡ፣ ግማሹን አንጥረኛ አቀለጠው። «ሁሉንም?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ» አለች።

እንግዲህ ትንሽ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቢገኝስ? ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ የተገኘም ለመንግሥት መነገር አለበት። አክሱም አካባቢ በማሽን ልሂድ የሚል ካለ ደግሞ እባካችሁ ወዳጅነታችን እዚህ ይብቃ። የራስ አያት ጓሮ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፣ ጠበቃ የሆናችሁ ጻፉልኝ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋ ሲደርስ ከጓሯችን ምሽግ ተቆፍሮ ነበር። እነዚህ ማሽኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር እጅ የገቡት ፈንጂ ለመፈለግ ነው፤ ለማሽኑ የተቀበረ ብርና ያልፈነዳ ቦምብ ሁለቱም «ጢጥ» ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ዶማውን የያዘው ሰው ነው፣ እሱም ዘግይቶ።

ለወንድሜ ይህንኑ በድምፅ መልእክት ላክሁለት፤ ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት የወይራውን ዙሪያ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ ብዬ ለመንኩት። ሁለት ቀን ዝም አለ። ትናንት ሌሊት ፎቶው መጣ። ዱፖንት ሰርክል ላይ መኪናዬን አቁሜ አስፍቼ አየሁት። ከምሽጉ ጠርዝ፣ ከወይራው ሥር ሁለት እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ዝናብ አፈሩን አጥቦት ክንፍ ያለው የዛገ ብረት ብቅ ብሏል። የሞርታር ጅራት ነው። ልጆቹ እዚያ ሥር ፍየል ያስራሉ።

ወዲያው ደወልኩ። አልነካውም አለኝ፣ ልጆቹንም ከብቶቹንም ከጓሮ አወጣ፣ ራቅ ብሎ ዙሪያውን በእሾህ አጠረው። ለወረዳ ፖሊስም ነግሯል፤ ባለሙያ እየጠበቁ ነው። ባለ አንቴናው ሰውዬ ቀብድ ተቀብሎ ወደ ኮምቦልቻ ሄዷል፣ ስልኩ አይነሣም። በሬውን የሸጠው የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እኔን አላናገረኝም።