ቴስታታው ተቀየረ፤ ሞተሩ ግን እንደገና ፈላ

መኪናው ያምራል፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ የነደፈው፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ አራት ሰው የሚይዝ፣ ኮፈኑ ሥር 3 ሊትር ቪ8 ሞተር የተሸከመ የስፖርት መኪና ነው። የእንግሊዙ ትራያምፍ ስታግ ብሎ ሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ገበያ ላይ ሲያወጣው የመርሴዲስ ኤስኤልን ገዢዎች ለመሻማት አስቦ ነበር። ምርቱ በ1977 ሲቆም ግን በጠቅላላው የተሠራው 25,877 ብቻ ነው። ዛሬ የስታግ ስም ሲነሣ የድሮ መኪና ወዳጆች መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው መልኩ አይደለም፤ መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት ተሸፍኖ መቆሙ ነው።

በዚያ ዘመን የሚፈላ መኪና ብርቅ አልነበረም። የስታግ ታሪክ ለእኔ የሚገርመኝ ተጠግኖ ከወጣ በኋላም መፍላቱ ነው። ባለቤቱ ጋራዥ ያስገባዋል። የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል ይባላል። ቴስታታው ይወርዳል፣ ይላጫል፣ አዲስ ጋስኬት ይገባል፣ ጠቀም ያለ ሒሳብ ይከፈላል። መኪናው ጥቂት ጊዜ በሰላም ይሄድና መርፌዋ እንደገና ወደ ቀዩ ትወጣለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህ የደረሰበት ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ ሞተሩ ከአፈጣጠሩ ብልሹ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር እኔም ይህንኑ ሰምቼ አምኜ ነበር። አሁን ግማሽ እውነት ብቻ ይመስለኛል። የጋስኬቱ መቃጠል በአብዛኛው የበሽታው ውጤት እንጂ መነሻው አልነበረም፤ ጥገናው ደግሞ መነሻውን ሳይነካ ነበር የሚያልቀው።

ለምን እንደሆነ ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው በግርድፉ ሲሦው ነው። ሌላው ሲሦ በጭስ ማውጫው ይወጣል። የቀረው ሞተሩን ያግለዋል፤ አንድ ነገር ተሸክሞ ማውጣት አለበት። ቤርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1888 በባሏ መኪና ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም ስትጓዝ ይህን የሚሸከመው የሚተን ውሃ ነበር፤ ስለዚህ በየመንገዱ እየቆመች ውሃ ትጨምር ነበር። ያኔ መፍላት ብልሽት ሳይሆን የማቀዝቀዣው አሠራር ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ቪልሄልም ማይባህ 8,070 ቀጫጭን ቱቦዎችን ደርድሮ የማር እንጀራ የሚመስል ራዲያተር ሠራ፤ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው መርሴዲስም 9 ሊትር ውሃ ብቻ ይዞ መሄድ ቻለ። የፎርድ ሞዴል ቲ አብዛኛው ምርት ደግሞ የውሃ ፓምፕ እንኳን አልነበረውም። የሞቀው ውሃ ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ቀዝቅዞ ይወርዳል፣ በቃ።

ፓምፕ ሲመጣ መሐንዲሱ ውሃውን እንደፈለገው በግድ ማዞር ቻለ። ነገር ግን የመኪና የውሃ ፓምፕ አንድ ድክመት አለው፦ ውሃ እንጂ አየር መግፋት አይችልም። አየር ከገባበት ክንፎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ። በብዙ መኪኖች ይህ የማያሳስበው ፓምፑ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ነው፤ ጥቂት ውሃ ቢጎድል እንኳ እሱ ውሃ ውስጥ ይቆያል።

የስታግ ፓምፕ የተቀመጠው ግን ከላይ ነው፤ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል፣ በቪው አናት ላይ። የሚያዞረውም በቺንጋ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ ያለ ዘንግ ነው። ስለዚህ ከሥርዓቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ ባዶውን የሚቀረው ፓምፑ ይሆናል። ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሞቀ እንበል። ውሃው ይሰፋል፣ ትርፉ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ የውሃው ከፍታ ከፓምፑ በታች ይወርዳል። ጠዋት ባለቤቱ ምንም ሳያውቅ ያስነሣዋል።

መርፌዋስ አታስጠነቅቅም? አንዳንዴ አታስጠነቅቅም። የሙቀት መለኪያው የሚለካው በዙሪያው ያለውን ነገር ነው። ውሃው ሸሽቶ በአየር ከተከበበ የሞተሩን እውነተኛ ሙቀት አያገኝም። መርፌዋ መሀል ላይ ተቀምጣ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ጨካኙ ክፍል ይሄ ነው፤ ጥንቁቅ ሹፌርም አያመልጥም።

የፓምፑ ነገር የንድፍ ጥፋት ነው፤ መከላከል አልችልም። ሁለተኛው ጥፋት የመጣው ከፋብሪካው ነው። የሞተር ብሎክ በሻጋታ ሲሠራ ውሃው የሚያልፍበት ባዶ ቦታ የሚገኘው በአሸዋ ቅርጽ ነው፤ ብረቱ ዙሪያውን ይፈስሳል፣ ሲረጋ አሸዋው ይራገፋል። በተወሰኑ የስታግ ብሎኮች ይህ በደንብ አልተደረገም። አሸዋው ውስጥ ቀረ፤ ከውሃው ጋር እየዞረ ጠባቡ ቦታ ላይ፣ በተለይ ራዲያተሩ ውስጥ፣ ተከማቸ። ብሪቲሽ ሌይላንድ ከተመሠረተበት ከ1968 በኋላ የነበረውን የሥራ ማቆም አድማና የጥራት ቁጥጥር መላላት ለሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቅም።

ሦስተኛው ጥፋት የባለቤቶቹ ነው፤ ወይም ያልነገራቸው ሰው። የስታግ ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታዎቹ አሉሚኒየም። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተራ ውሃ ሲገናኙ የሚፈጠረው ባትሪ ነው፤ አሉሚኒየሙ ቀስ እያለ ይበላል። ይህን የሚከላከለው ዝገት መከላከያ ያለበት ኩላንት ነው፤ ያውም በየጊዜው የሚቀየር፣ መከላከያው ያልቃልና። የዚያን ጊዜ እንግሊዛዊ ሹፌር ግን አንቲፍሪዝን ለክረምት ብርድ ብቻ የሚያስፈልግ ነገር አድርጎ ማየት ለምዶ ነበር። በጋ ሲመጣ በቧንቧ ውሃ ይሞላዋል። የተበላው አሉሚኒየም ጭቃ ሆኖ ከአሸዋው ጋር ይደባለቃል፤ የራዲያተሩን የታችኛውን ቱቦዎች ይደፍናል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። መካኒኩ የተቃጠለ ጋስኬት ያያል። ትክክል ነው፣ ተቃጥሏል። ቴስታታውን ለማንሣት ይሞክራል፤ እዚህ ላይ ስታግ ሌላ ጉድ አለው። ቴስታታውን ከሚይዙት ብሎኖችና ዘንጎች ግማሾቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን አዘንብለው ነው የገቡት። ሐሳቡ ካምሻፍቱን ሳይነኩ ቴስታታውን ማውረድ ነበር፤ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። የብረት ዘንጎቹ አሉሚኒየሙ ውስጥ ዝገው ሲጣበቁ ግን ቴስታታው ወደ አንድ አቅጣጫ መሳብ አይቻልም፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ነውና። ቀናት ይፈጃል። መዶሻ አለ፣ እሳት አለ፣ ስድብም አለ። ይህን ሁሉ ተዋግቶ ቴስታታውን ያወረደ መካኒክ ዋናውን ሥራ እንደጨረሰ ቢሰማው አልፈርድበትም።

ግን አልጨረሰም። ብሎኩ ውስጥ ያለው አሸዋ እዚያው ነው። ራዲያተሩ ከውጭ ንጹሕ ስለሚመስል አልተነካም። ይባስ ብሎ ቴስታታው ሲወርድና ሲገጠም የተነቃነቀው ጭቃ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። በመጨረሻም ውሃ ይሞላል፤ ሲሞላ አየር ከላይ ይታሰራል። ከላይ ምን አለ? ፓምፑ። አዲሱ ጋስኬት ሥራውን የሚጀምረው በደረቅ ፓምፕ ነው ማለት ነው።

ከጥገና በኋላ የሚመጣ ሙቀት ሌሎች መንገዶችም አሉት። ስታግ በእያንዳንዱ ረድፍ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ረጅም፣ ባለ ነጠላ ረድፍ ካቴና ነው፤ ሲያረጅ ይለጠጣል። ካቴናውም ሆነ የማቀጣጠያው ጊዜ ቴስታታው ሲገጠም በትክክል ካልተስተካከለና እሳቱ ከዘገየ፣ ነዳጁ ዘግይቶ ይነዳል፤ ሥራ መሆን የነበረበት ሙቀት ወደ ቴስታታውና ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። እንዲህ ያለውን መኪና ራዲያተሩን መቶ ጊዜ ብታጥቡት ዋጋ የለውም።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም አለ። ይህን እኛም አገር አይቻለሁ። ተማሪ ሆኜ ልምምድ በወጣሁበት ጋራዥ፣ የሚፈላ መኪና ሲገባ የመጀመሪያው ሕክምና ይሄ ነበር፤ ውሃው ሳይከለከል እንዲዞር ተብሎ። ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ሞተሩ በአጭር የሚመልሰውን መንገድ አብሮ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፤ የውሃው አንዱ ክፍል ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ይገባል። ልምምድ ላይ ይህን ለመናገር ሞክሬ «አንተ ገና ልጅ ነህ» ተብያለሁ። ልጅነቴስ እውነት ነበር።

ስለ ክዳኑ ደግሞ ለከፍታ አገር ሰው ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። የራዲያተር ክዳን ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ነው፤ 1 ባር የሚይዝ ከሆነ ባሕር ጠለል ላይ ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ የሚይዘው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷል። ያው ክዳን እዚህ 116 ዲግሪ አካባቢ ያደርሳል። ክዳኑ ከደከመና ግፊት መያዝ ካቃተው ደግሞ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱ 88 ላይ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ የቀራችሁ 4 ዲግሪ ነው። በትንሽ ብር የሚገዛ ክዳን ሳይፈተሽ ቴስታታ የሚወርድበት ምክንያት አይገባኝም።

ታዲያ ሞተሩ ከአፈጣጠሩ ብልሹ ነበር? ብዙዎች ሮቨርን ይጠቅሳሉ። በዚያው ብሪቲሽ ሌይላንድ ውስጥ ሮቨር ከአሜሪካው ጂኤም መብቱን የገዛው ባለ 3.5 ሊትር፣ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ ቪ8 ነበረው። ያ ሞተር ስታግ ላይ ቢገጠም ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ይላሉ፤ በኋላ ባለቤቶች ራሳቸው አውጥተው ሮቨርን ያስገቡባቸው ስታጎች ጥቂት አይደሉም። የንግድ ውሳኔውን ብቻ ካየን ትክክል ይመስሉኛል። ግን ሌላ ምስክር አለ። ትራያምፍ የነደፈው የዚህ ቪ8 ግማሽ የሚባል፣ አራት ሲሊንደር ያለውና ያዘነበለ ሞተር ነበር። የስዊድኑ ሳብ ይህን ሞተር ለ99 መኪናው ወሰደው። እሱም አልተደሰተበትም። ሆኖም ጥሎት አልሄደም፤ ከ1972 ጀምሮ የራሱን እትም ማምረት ጀመረ፣ ያልወደደውን እየቀየረ። በ1981 በመጣው ተከታዩ ላይ ፓምፑ ከብሎኩ ወጥቶ በቺንጋ የሚዞር ሆነ። የዚያ ሞተር ዘር ቱርቦ ተገጥሞለት እስከ 2000ዎቹ ድረስ መኪና ነድቷል፤ ሳብንም ያስጠራው እሱ ነው።

ስለዚህ መነሻው ሊታረም የማይችል አልነበረም። ሳብ ገንዘብና ጊዜ አውጥቶ ምክንያቱን ለቀመ፤ የስታግ ደንበኛ ግን ገንዘብ አውጥቶ ጋስኬት ይገዛ ነበር። ወደ አሜሪካ የተላከው ስታግ 3,000 እንኳን ሳይሞላ በ1973 ሽያጩ እዚያ ቆመ። የተረፈው ስም ነው።

ምክንያቱን የለቀሙት በመጨረሻ ባለቤቶቹ ናቸው፤ በየማኅበራቸው ተሰብስበው፣ ቅዳሜና እሑድ እጃቸውን እያቆሸሹ። ዛሬ ስታግ የሚያድስ ሰው ብሎኩን ባዶ አድርጎ አሸዋው እስኪያልቅ ያጥባል፣ ራዲያተሩን ፈትቶ ይመረምራል ወይም ይቀይራል፣ መከላከያ ያለበት ኩላንት ይሞላል፣ ሲሞላም አየሩ እስኪወጣ ይጠብቃል። ብዙዎቹ ከፓምፑ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ይገጥማሉ፤ ውሃ ሲጎድል የሚበራ መብራትም ያስገባሉ፣ መርፌዋን ማመን ትተዋልና። እንዲህ የተያዘ ስታግ በበጋ ትራፊክ ውስጥ ይቆማል፤ ኮፈኑም ዝግ ነው።