መልእክተኛ ለምን አይታሰርም?

የዛሬው ንባባችን ስለ አምባሳደሮች ነው። አምባሳደር ማለት አገሩን ወክሎ በሌላ አገር የሚቀመጥ መልእክተኛ ነው። ኤምባሲ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ነው። አምባሳደሩና ከአገሩ ተልከው አብረውት የሚሠሩት ሹማምንት ዲፕሎማት ይባላሉ።

ዲፕሎማት ቢያጠፋ ፖሊስ አያስረውም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ታዲያ ይህ አድልዎ አይደለም ወይ? ከየትስ የመጣ ነገር ነው? እስቲ ታሪኩን እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1708 ዓ.ም. አንድሬይ ማትቬዬቭ የሚባል ሰው በለንደን የሩሲያ አምባሳደር ነበር። ሥራውን ጨርሶ ከአገር ሊወጣ ተነሣ። ነገር ግን የነጋዴዎች ዕዳ ነበረበት። አበዳሪዎቹም ገንዘባችንን ሳይከፍል ሊሄድ ነው ብለው ሰጉ። ሰዎች ልከው ሠረገላውን መንገድ ላይ አስቆሙ። አምባሳደሩን ደብድበው ወሰዱና ባለዕዳ በሚታሰርበት ቤት ዘጉበት። በኋላ ዋስ ጠርቶ ተፈታ።

ይህን የሰማው የሩሲያ ንጉሥ፣ ታላቁ ጴጥሮስ፣ በጣም ተቆጣ። ውርደቱን በራሱ ላይ እንደ ደረሰ ቆጠረው። አጥፊዎቹ በሞት እንዲቀጡም ጠየቀ። የእንግሊዟ ንግሥት አን ግን ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ማንንም መቅጣት አልቻለችም። ስለዚህ በተከታዩ ዓመት ፓርላማው አዲስ ሕግ አወጣ። አምባሳደርንም ሆነ አገልጋዮቹን በዕዳ ማሰር ተከለከለ። በ1710 ደግሞ የንግሥቲቱ መልእክተኛ ሞስኮ ላይ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አያችሁ? በአንድ ሰው ዕዳ ሁለት መንግሥታት ሊጣሉ ነበር።

በ1961 ብዙ አገሮች በቪየና ከተማ ተሰብስበው የጋራ ስምምነት ተቀበሉ። በዚህ ስምምነት ዲፕሎማት አይታሰርም፤ በተላከበት አገር በወንጀል አይከሰስም። በቤቱ አብረውት የሚኖሩ ቤተሰቦቹም፣ የተቀባዩ አገር ዜጎች ካልሆኑ፣ እንደ እሱ ይጠበቃሉ። ቤተሰቡ ደግሞ ለምን? ልጁ የታሰረችበት አባት የአገሩን መልእክት እንዴት ደፍሮ ይናገራል? በልጁ ያስፈራሩታላ! ከአገሩ አብሮ ለመጣ ሾፌር ግን ጥበቃው ጠባብ ነው። በሥራው ላይ ሳለ ለፈጸመው ብቻ ነው።

ታዲያ ዲፕሎማቱ ሰው ቢገድልስ? በ1997 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፣ አንድ ዲፕሎማት ጠጥቶ መኪና ሲነዳ አደጋ አደረሰ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ሞተች። ሰውየው ጆርጂያ ከምትባለው፣ የሩሲያ ጎረቤት ከሆነችው አገር የተላከ ነበር። ሕጉ ስለሚጠብቀው የአሜሪካ ፍርድ ቤት ሊዳኘው አልቻለም። ሕዝቡ ግን አዘነ፤ ተቆጣም። በመጨረሻ የጆርጂያው ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ሼቫርድናዜ ጥበቃው እንዲነሣ ፈቀዱ። ሰውየው ተከሶ ጥፋቱን አመነ። ከ7 እስከ 21 ዓመት እስራትም ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጋሻው የሰውየው አይደለም፤ የላከው አገር ነው። ስለዚህ ሊያነሣው የሚችለውም አገሩ ነው። አገሩ እምቢ ካለ ተቀባዩ አገር ሰውየውን ማባረር ይችላል፤ ማሰር ግን አይችልም። ያን ጊዜ ፍርድ የሚጠበቀው ከላከው አገር ነው። ያ አገር ዝም ካለ የሟች ወላጆች ፍርድ ሳያዩ ይቀራሉ። ጋሻው መልእክቱን ለመጠበቅ የተሠራ ነውና፣ ጥፋት ሲሸፈንበት አገሩን ያስወቅሳል።

ንባቡን አንድ ጊዜ ድገሙት። ከዚያም እናንተ የልጅቷ ወላጆች ብትሆኑ፣ ወይም ልጃችሁ በሰው አገር አምባሳደር ቢሆን፣ ስለዚህ ሕግ ምን ትሉ ነበር? ተወያዩበት።